ካደረው ወጥና ከጓዳው እህል፤ ስለ ይፋት ሾርባ የቀረበ ዳሰሳ

የካራቆሬ ስም በባሕር ማዶ መጻሕፍት የሚነበበው በሥነ ምድር ሊቃውንት ዘንድ ነው፤ በግንቦት ወር 1953 ዓ.ም. ምድር በብርቱ ተናውጣ ጎረቤቷን ማጀቴን ባፈረሰችበት፣ የካራቆሬንም ቤቶች በሰነጣጠቀችበት ጊዜ፣ ነውጡ በዚህች በደሴ መንገድ ዳር በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ስም ተጠራና እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠቀሳል። በባልትና መጻሕፍት ግን ስሟን ፈልጌ አላገኘሁም። (በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ ካለው ስመ ሞክሼዋ ሠፈር ጋር አንባቢ እንዳያምታታት አደራ፤ እኔ የምናገረው ከጣርማበር ወርዶ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ያለፈ መንገደኛ ወደ ከሚሴ ሳይደርስ ስለሚያገኛት የይፋቷ ካራቆሬ ነው።) ምድሯ ሲናወጥ የተጻፈላት ከተማ ምንቸቷ ሲንተከተክ የሚጽፍላት ማጣቷ አሳዝኖኝ፣ በጓዳዋ በሚደረገው ነገር ውስጥ አንዱን ብቻ ለይቼ፣ ይኸውም ካደረ ምግብና ከጓዳ ከማይታጣ እህል በዝግታ የሚበስለውን ሾርባ፣ ከሌላው ሀገር ልማድ ጋር እያስተያየሁ ለመዳሰስ አሰብሁ።

አስቀድሞ የስሙን ነገር እንመልከት። ሾርባ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ወደ ቤታችንም የገባው በሁለት በር ይመስለኛል፤ በአንደኛው በር ከእስልምና ወንድሞቻችን የረመዳን ማፍጠሪያ ጋር፣ ከተምሩና ከሳምቡሳው ጎን ለጎን ገብቶ በይፋትና በወሎ የቤት ልጅ ሆነ፤ በሁለተኛው በር ደግሞ ከከተማ ሆቴልና ከሆስፒታል ጋር ገብቶ የፈረንጅ ወይም የሕመምተኛ ምግብ ተብሎ በእንግድነት ቀረ። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል። መረቅ የሚለውን ቃል የማያውቅ ባላገር የለም፤ አጥንት ቀቅሎ መረቁን ለደከመ ሰው ማጠጣት፣ ለአራስ አጥሚት ማፍላት፣ ስንዴና ባቄላ ቀላቅሎ የጸሎተ ሐሙስን ጉልባን መቀቀል፣ እነዚህ ሁሉ የእኛው ናቸውና። ስለዚህ «ሾርባ የእኛ አይደለም» የሚለው አስተያየት በስም ላይ የተመሠረተ እንጂ በግብር ላይ የተመሠረተ አይደለም።

ይልቅስ የሚያስጠይቀው፣ በሌላው ዓለም ያደረ ምግብ በቀጥታ ወደ ሾርባ ድስት ሲወርድ በእኛ ቤት ወደ ሌላ መንገድ የሄደበት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ምክንያት እንጀራ ነው። የጣልያን የቶስካና አርሶ አደር የደረቀ ዳቦውን፣ ባቄላውንና ጎመኑን አንድ ላይ ደግሞ በማፍላት «ሪቦሊታ» የሚለውን ምግቡን ያበጃል፤ ትርጓሜውም ዳግመኛ የፈላ ማለት ነው። የእኛ ባለሞያ ደግሞ ያደረውን ወጥ አሙቃ ያደረውን እንጀራ በውስጡ ትፈተፍተዋለች። ሁለቱ ምግቦች እኅትማማች መሆናቸውን ለማየት የቀለም ትምህርት አያስፈልግም፤ ልዩነታቸው የፊተኛው በማንኪያ የሚጠጣ፣ የእኛው በእጅ የሚጎረስ መሆኑ ነው። ማንኪያችን እራሱ እንጀራው ስለሆነ፣ ቀጥኖ ከእጅ የሚያመልጥ ነገር በገበታችን ሥፍራ አላገኘም። ፍትፍት እንግዲህ ወፍራም ሾርባ ነው ብል የሚቆጣኝ አንባቢ ይኖር ይሆናል፤ ይቆጣ እንጂ ሐሳቤን አልለውጥም።

ሁለተኛውና ጠለቅ ያለው ምክንያት የጾም ሥርዓት ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም የደነገገውን የሚጠብቅ ቤት፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት ሁሉ ቆጥሮ የሚኖር ነውና፣ ማክሰኞ ማታ በቅቤ የተሠራ ወጥ ቢተርፍ በማግስቱ ሊበላው አይችልም፤ እስከ ሐሙስ እንዳያቆየው ደግሞ የይፋት ቆላ ሙቀት አይፈቅድለትም። በደጋው፣ በደብረ ብርሃን ወይም በመንዝ፣ ምንቸት ከድኖ በቀዝቃዛ ጓዳ ማሳደር ይቻል ይሆናል፤ በሸዋ ሮቢት ግን ማታ የጣፈጠ ወጥ ጧት ሲከፈት ሽታው አስቀድሞ ይናገራል። መናን ለነገ ያቆዩ እስራኤል የገጠማቸውን የቆላ ሰው መጽሐፍ ሳያነብ ያውቀዋል። በዚህም የተነሣ የእኛ አባቶችና እናቶች ለትርፍ ምግብ ያገኙለት ዋና መፍትሔ ማፍላት ሳይሆን ማድረቅ ሆነ፤ ሥጋው ቋንጣ፣ እንጀራው ድርቆሽ፣ ጥራጥሬው ሽሮ እየሆነ፣ የፍስኩ ከጾሙ ሳይቀላቀል በየከረጢቱና በየቅሉ ተቀመጠ። የፈረንጅ ወጥ ቤት ትርፉን በድስት ሲያከማች የእኛ ባለሞያ በፀሐይ አከማቸች።

በዚህ ላይ የይፋት ልዩ ጠባይ ይጨመርበታል። ይፋት ከጥንት ጀምሮ የሁለት ሃይማኖት ምድር ነው፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በሰንበቴ ከተማ በአንድ ገበያ እሑድ እሑድ ይገበያያሉ፣ በደስታና በሐዘን ይጠራራሉ፣ አንዱ ያረደውን ግን ሌላው አይበላም። እንግዲያውስ ከአጥር ወደ አጥር ሊሻገር የሚችለው ምንቸት ሥጋ ያልገባበት ብቻ ነው። ስለ ሾርባ የተጻፉ ብዙ የሌላ ሀገር መጻሕፍት ነገሩን ከአጥንት ሲጀምሩ፣ የይፋቱ ሾርባ ከጥራጥሬ የሚጀምርበት ምክንያት ድህነት ብቻ ይመስላቸው የነበሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን ጉርብትናም ጭምር ነው እላለሁ።

ይህን በዓይኔ ያየሁት በ2017 ዓ.ም. የክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምና የእስላሙ ረመዳን በአንድ ወቅት በገጠሙበት ጊዜ በካራቆሬ ነው። በእንግድነት ያሳደሩኝ ባልቴት ከቀትር በኋላ ሦስት ጉልቻ ላይ ምንቸት ጥደው ሳገኛቸው፣ «እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው?» ብላቸው፣ «ምን እሠራለሁ ልጄ፣ ጓዳዬን እየጠረግሁ ነው እንጂ» አሉኝ። በምንቸቱ አስቀድሞ የገባው በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው የተነፋለት፣ ደቀቅ ደቀቅ ያለ ማሽላ ነበረ፤ እርሱ ብቻውን ከሰዓት በላይ ተንተከተከ። ቀጥሎ አንድ እፍኝ ማሾ ታጥቦ ገባ። ማሾው መፈንዳት ሲጀምር ጥቂት ነጭ ሽንኩርትና የደረቀ በሶብላ ጨመሩበት። እኔ ጨው የሚጨምሩበትን ጊዜ ስጠብቅ፣ እርሳቸው ግን ከጓዳ ትንሽ ሳህን ይዘው ወጡ፤ በሳህኑ ውስጥ ከምሳ የተረፈ የክክ ወጥ፣ ከሁለት ጭልፋ የማይበልጥ፣ ነበረ። «ይኸው ጨውም ቅመምም፤ የተረፈ መጨረሻ ነው የሚገባ፣ እሱ በስሎ የመጣ ነው» ብለው ገለበጡት። ምንቸቱም በአንድ ጊዜ መልኩም ሽታውም ተለወጠ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በጎድጓዳ ሳህን ሞልተው፣ በሰፌድ ከድነው፣ የመግሪብ አዛን ሳይሰማ ለጎረቤታቸው በልጅ ላኩት፤ የቀረውን እኛ ጠጣን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህ ሁሉ ጥያቄ ፍሬ ነገር «የተረፈ መጨረሻ ነው የሚገባ» በምትለው በእማማ አንዲት ቃል ውስጥ ያለ ሆኖ ይታየኛል። በአውሮፓ ባለ ቤት ከራት የተረፈው የተቀቀለ ካሮት፣ ድንችና ሥጋ የሾርባው አካል ነው፤ ቅመሙ በኋላ ይፈለግለታል። በእኛ ቤት የሚተርፈው ግን ወጥ ነው፤ ወጥ ደግሞ ቀይ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት በዝግታ ተቁላልቶ፣ በርበሬው በውስጡ በስሎ፣ ሰዓታት የፈጀ ድካም የተጠራቀመበት ቁሌት ነው። ሁለት ጭልፋ ያደረ ወጥ ማለት እንግዲህ ሌላው ሀገር በገንዘብ ገዝቶ በውሃ የሚበጠብጠው የሾርባ ቅመም ማለት ነው። አካሉን ጓዳው ይሰጣል፤ ነፍሱን ያደረው ወጥ ያመጣል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ያደረውን ወጥ መጀመሪያ አግብቶ በላዩ ውሃ አፍስሶበት ሁለት ሰዓት ሲያፈላው፣ በርበሬው ከሥር ያርርበታል፣ ክኩ ፈርሶ ይለጠፍበታል፣ ጨውም ውሃው በቀነሰ መጠን እየበረታ ይሄድበታል፤ ከዚያም «የእኛ ምግብ ለሾርባ አይሆንም» ብሎ ይፈርዳል። እንዲህ ያለ ፍርድ በአዲስ አበባ ከአንድ ሁለት ሰው ሰምቻለሁ፤ ስሕተቱ ከምግቡ ሳይሆን ከተራው ነው።

ተራው የሚወሰነው በእሳትና በከፍታ ነው። ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና፣ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ፣ 2,800 ሜትር ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን በ91 ገደማ ይፈላል። ይህ የአምስት ዲግሪ ልዩነት በቁጥር ሲታይ ምንም አይመስልም፤ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ግን አንዱ ባቄላ በቆላ እሺ ብሎ በደጋ የሚያምፀው ለምን እንደ ሆነ ከዚህ ይረዳል። ደጋው በሌላ በኩል ኩበት አለው፤ ኩበት ሳይንበለበል ቀስ ብሎ የሚነድ ስለሆነ፣ ዝግታ ለሚሻ ምንቸት የተፈጠረ ይመስላል። ቆላው የማሽላ አገዳ ያነዳል፤ አገዳ ቦግ ብሎ ይነድና ወዲያው ይከስማል፤ ምንቸቱን በአገዳ ብቻ ማብሰል ልጅን ከእሳቱ ዳር ማሰር ነው። ስለዚህ የቆላ ባለሞያ በአገዳ አፍልታ፣ የግራር እንጨት ረመጥ ሲገኝ ምንቸቱን በረመጡ ላይ ትተዋለች። አጥንት ያለበት የፍስክ ምንቸት ከሆነ ደግሞ ይህ ረመጥ የግድ ነው፤ ጅማቱና ቆዳ መሰሉ ሁሉ ቀልጦ መረቁን የሚያወፍረው በችኩል ፍላት ሳይሆን ሰዓታት በሚወስድ ዝግ ያለ ሙቀት ነውና።

ከእሳቱ ሌላ አትክልቱና ቅመሙም የየራሳቸው ተራ አላቸው። ቲማቲምና ሎሚ የጥራጥሬን ቆዳ ያጠነክራሉ፤ ጥራጥሬው ሳይበስል እንዳይገቡ። ቀይ ሽንኩርት ለቆላው የመስኖ ሲሳይ ነው፣ አይጠፋም። ጦስኝ ከጣርማበር በላይ ካለው ደጋ ይወርዳል፤ ከማሾ ጋር ያለውን ስምምነት ሞክሬ ወድጄዋለሁ፤ ከሽምብራ ጋር ግን አልወደድሁትም።

ስለ ማሾ ጥቂት እንድዘገይ አንባቢ ይፍቀድልኝ። ይህች አረንጓዴ፣ ከምስር የማትበልጥ ፍሬ በሸዋ ሮቢት፣ በቀወትና በኤፍራታና ግድም ቆላ በብዛት ትዘራለች፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ከቡናና ከሰሊጥ ጋር የምትሸጥ ሆናለች፤ ከዚያም ወደ እስያ ሀገሮች ትሻገራለች። የሚያመርታት ገበሬ ለገንዘብ ይዘራታል፣ በቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ከንፍሮ ያለፈ ክብር አይሰጣትም። ሳትዘፈዘፍ ቶሎ የምትበስል፣ ሆድ የማትነፋ፣ መረቅ ስታገኝ ራሷን የምታወፍር ፍሬ በመሆኗ፣ ለሾርባ ከእርሷ የተሻለ እህል በጓዳችን የለም፤ ይህን በድፍረት እናገራለሁ። ማሽላውና ጤፉ እንደ ሆኑ ለይፋት አዲስ አይደሉም፤ በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው የዓረቡ ሊቅ አል ዑመሪ የይፋትን ሲሳይ ሲዘረዝር ሁለቱንም አንሥቷቸዋል። ባላገሩ እንግዲህ ስድስት መቶ ዓመት በቆየ ማሽላ ላይ በእርሱ ዕድሜ የገነነ ማሾ ጨምሮ በአንድ ምንቸት ያገናኛል።

ነገር ግን «ያገኙትን መክተት» ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ነገሥት እንደ ተጻፈው፣ በጌልገላ ራብ በሆነ ጊዜ ከነቢያት ልጆች አንዱ ቅጠል ሊለቅም ወጥቶ የማያውቀውን የዱር ቅል በወጡ ውስጥ ከትፎ ጨመረ፤ የቀመሱትም ሞት እንዳለበት አውቀው ጮኹ፤ ኤልሳዕ ዱቄት አስመጥቶ ጣለበትና ምንቸቱ ዳነ። የእኛ ሀገር የዱር ቅል ጓያ ነው። በድርቅ ዓመት ሌላው ሲጠፋ እርሱ ይበቅላል፤ ለብዙ ጊዜ ዋና ምግብ አድርገው የበሉት ሰዎች ግን እግራቸው ሽባ ይሆናል፤ የኤልሳዕ ዱቄት ደግሞ በእጃችን የለም። መዘፍዘፍና የተዘፈዘፈበትን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ መረቁ ሁሉ በሚጠጣበት በሾርባ ውስጥ ጓያ ባይገባ ይሻላል። ቀይ ቦሎቄም የራሱ ጠንቅ አለው፤ በለሆሳስ ሙቀት ብቻ ቢቆይ ከጥሬው ይልቅ ሆድ የሚያውክ ይሆናልና፣ አስቀድሞ ተዘፍዝፎ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ በብርቱ ሊፈላ ይገባዋል፤ ዝግታው ከዚያ በኋላ ነው። ያደረ ሩዝ ከከተማ የመጣ አዲስ ልማድ ነው፤ በቆላ ሙቀት ውጭ ያደረ ሩዝ የሚያፈራው መርዝ በማፍላት የማይጠፋ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ይጣል። ሌላው ያደረ ወጥ ደግሞ ማታ ሳይፈላ አይደር፣ ጧትም እስኪንተከተክ ሳይፈላ አይበላ፤ ለብ ማድረግ ማሞቅ አይደለም።

የድግስ ታሪክ የጻፉልን ሰዎች ይህን የጓዳ ብልሃት ሁሉ አልነገሩንም። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ መካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፈው መጽሐፍ፣ በ1887 እ.ኤ.አ. እቴጌ ጣይቱ ለእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ያዘጋጁትን ታላቅ ድግስ በሰፊው አትቶታል፤ ይህም የሚያስመሰግነው ነው። ነገር ግን ድግስ የምግብ ታሪክ የበዓል ልብስ ነው። የሥራ ልብሱን ለማየት ድግሱ ያለቀበትን ማግስት፣ እንስራው ሲታጠብና ትርፉ ሲለይ፣ ለደጅ ጠኝ የሚሰጠው ከሚደርቀው ሲነጠል መመልከት ያሻል። ጌታ አምስቱን እንጀራ ካበረከተ በኋላ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ ማዘዙንና አሥራ ሁለት መሶብ መሙላቱን ካህኑ በየዓመቱ ያነብልናል፤ በዚያ በተሰበሰበው ምን እንደ ተሠራበት ግን ወንጌላዊው አልጻፈም፤ እኔ በልጅነቴ ይህን ጠይቄ የኔታን ማስቆጣቴ ትዝ ይለኛል።

ሾርባ ለብዙ ሕዝብ የሚቀዳበት ሁኔታ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጀርመን ሙኒክ የነበረው ካውንት ራምፎርድ ከገብስ፣ ከአተር፣ ኋላም ከድንች፣ ከደረቀ ዳቦና ከኮምጣጤ ርካሽ ሾርባ ደርሶ ድኾችን መገበ፤ ከገብስ ጋር ብዙ ሰዓት የፈላ ውሃ ራሱ ሲሳይ ይሆናል ብሎ እስከ ማመን ደርሶ ነበር። በ1847 እ.ኤ.አ. የአየርላንድ ራብ በጸና ጊዜም አሌክሲስ ሶየር የተባለ የታወቀ ወጥ ሠሪ በደብሊን የሾርባ ቤት ከፈተ፤ የዘመኑ ሐኪሞች ግን ሾርባው ቀጥኗል፣ አያጠግብም ብለው ነቀፉት። ነቀፋው እውነት ነበረው። በእኛም ሀገር በ2013 ዓ.ም. ከአጣዬና ከካራቆሬ በእሳትና በጥይት ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የተጠለለው ሕዝብ የሚያስፈልገው ብልሃት ያለበት ሾርባ ሳይሆን እህልና ወደ ቤት መመለስ ነበረ። ከጓዳ የሚሠራ ሾርባ ጓዳ ላለው ሰው የተሰጠ ጥበብ ነው፤ ለሌለው ሰው «ካገኘኸው ሥራ» ብሎ መምከር ስላቅ ይሆናል። ስለዚህ ይህን ምግብ የድህነት ምግብ ብለው የሚያቃልሉትንም፣ የድህነት መድኃኒት ብለው የሚያገኑትንም አልቀበልም።

የሚቀረው የመጻፍ ሥራ ነው። የባልትና መምህራን ዶሮ ወጥን ስንት ብልት እንደሚወጣው ቆጥረው ያስተምራሉ፤ ምንቸት በምን ተራ እንደሚሞላ፣ የፍስኩ ትርፍ ከጾሙ እንዴት እንደሚለይ፣ ለጎረቤት የሚላከው በምን እንደሚሠራ ግን ከእናት ወደ ልጅ በቃል ብቻ እየተላለፈ ይገኛል፤ ልጆቹም አሁን ከተማ ናቸው። አንባቢ ሆይ፣ ከጣርማበር በታች ያደግህ እንደ ሆነ፣ በእናትህ ቤት ምንቸት መጀመሪያ ምን ይገባ እንደ ነበረና መጨረሻ ምን ይገለበጥበት እንደ ነበረ ጻፈው፤ ማሾው በአገዳ እሳት ስንት ሰዓት እንደሚወስድም አትርሳ፣ እኔ በካራቆሬ በነበርሁ ጊዜ ሰዓቴን መመልከት ረስቻለሁና።